ሳንቲም በፍላሽ አይነሣም

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ስለ ድሮ ገንዘብ ያወጣችሁትን ጽሑፍ ወድጄዋለሁ። ፎቶው ግን አናደደኝ። የምኒልክ ብር ላይ ፍላሽ ተተኩሶበት መሀሉ ነጭ ሆኗል። አንበሳው የትኛውን የፊት እግሩን እንዳነሣ እንኳ አይለይም። ሰብሳቢ ደግሞ መጀመሪያ የሚያየው እሱን ነው፤ ቀኙን ያነሣና ግራውን ያነሣ አለ።

እኔ ሰዓት ሠሪ ነኝ። ማታ ቤት ስገባ የሳንቲም ፎቶ አነሣለሁ። ስቱዲዮ ምናምን የለኝም። ሁለት የመጻሕፍት ክምር ጎን ለጎን አቁሜ ስልኩን በላያቸው አጋድመዋለሁ፤ ካሜራው በመሀላቸው ቁልቁል ያያል። ከፍታው ከ20 እስከ 25 ሳንቲ ሜትር ይበቃል፣ የቀረውን ዙም ይሠራዋል። በጣም ከተጠጋ የስልኩ ጥላ ያርፍበታል። በጣት ስንነካው እንዳይነቃነቅ ደግሞ ሰዓት ቆጣሪውን እሞላለሁ።

ዋናው ነገር መብራቱ ነው። የጠረጴዛ መብራት ከጎን ዝቅ አድርጌ፣ አምፖሉ ፊት ላይ ስስ ነጭ ወረቀት እጋርዳለሁ። ያኔ ጽሑፉ ብድግ ይላል። ሳንቲሙ በጣም የሚያብረቀርቅ ከሆነ ከፎቶ ፍሬም የወጣ መስታወት በ45 ዲግሪ አዘንብዬ ከሳንቲሙ በላይ እይዛለሁ። ከጎን የመጣው ብርሃን መስታወቱ ላይ አርፎ ወደ ታች ይመለሳል፤ ካሜራው በመስታወቱ ውስጥ ያነሣል። ይሄኛው ትንሽ ትዕግሥት ይፈልጋል።

ቢጫ አምፖልና የመስኮት ብርሃን አይደባለቁ፤ ቀለሙ ይበላሻል። ቀለም ደግሞ ቀልድ አይደለም። 1936 ዓ.ም. የተጻፈባቸው የመዳብ ስሙኒ (25 ሳንቲም) እና የብር ሽልንግ (50 ሳንቲም) መጠናቸው ተቀራራቢ ነበር። አንዳንዱ ብልጣብልጥ ስሙኒውን ብር ቀብቶ በሽልንግ ዋጋ ያሳልፈው ስለነበር ነው በኋላ ጠርዙ ወጣ ገባ የሆነው ስሙኒ የመጣው። ክብ ስሙኒ ያላችሁ ጠርዙንም አንሱት፤ ቅቡ የሚላጠው እዚያ ላይ ነው።

ደግሞ እባካችሁ፣ ለፎቶ ያምራል ብላችሁ በሎሚና በአመድ አትፈትጉት! የተፈተገ ብር ሰብሳቢ ዘንድ ዋጋው ይወርዳል፣ በዕድሜ የያዘው ጥቁረት ተመልሶ አይመጣም። በእጅ ስታነሡትም ጠርዙን ብቻ ይዛችሁ ነው።

ያንን የምኒልክ ብር እንደገና አንሥታችሁ ብታወጡት ደስ ይለኛል። ከነክብደቱ ይሁን፤ ወደ 28 ግራም መሆን አለበት።

ሰዓት ሠሪው፣ ከጉለሌ