መዝገብዎን ይላኩልኝ

ባሕር ዳር፣ ጥቅምት 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለማከብርዎ አባቴ፣

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ይህችን መስመር ብዘላት ደብዳቤውን በቀይ እስክሪብቶ አክብበው እንደሚመልሱልኝ ስለማውቅ አስቀድሜአታለሁ። የጉልበትዎን ነገር እናቴ ነግራኛለች፤ እርስዎን ብጠይቅ መልሱ ያው "ደህና ነኝ" ነው።

ባለፈው እሑድ ልጄ በኢንተርኔት የአሜሪካ ትምህርት ቤት ትማር የሚለውን ሳነሳልዎ "ደግሞ ፕላዝማ መጣ?" ብለው ስልኩን ለእናቴ ሰጧት። እርስዎን በስልክ ተከራክሮ የረታ ሰው በቤታችን ስለሌለ በጽሑፍ መጥቻለሁ።

በፕላዝማው ጉዳይ እውነት ነበረዎ። እኔ በ1997 ዓ.ም. ዘጠነኛ ክፍል ስገባ ነበር ያ ቴሌቪዥን ክፍላችን ውስጥ የተተከለው። ከደቡብ አፍሪካ ተቀርጾ የመጣው መምህር በእንግሊዝኛ ይጠይቃል፣ ጥቂት ሴኮንድ ይጠብቃል፣ "ጎበዝ" ብሎ ያልፋል፤ እኛ ጥያቄውን እንኳ ጽፈን አልጨረስንም። መብራት ከጠፋ ደግሞ የዕለቱ ትምህርት ሄደ ማለት ነው። እርስዎም በራስዎ ክፍል ውስጥ እንደ እንግዳ ጠመኔዎን ይዘው ጥግ ላይ ሲቆሙ አይቻለሁ። ማታ እራት ላይ "የማይጠየቅ መምህር!" ብለው እንጀራውን ሳይጨርሱ ተነሡ። ያን ማታ አልረሳሁትም፤ ለልጄ ትምህርት ቤት ስፈልግም መለኪያዬ እሱው ነበር።

ለምን ወደ መደበኛው ትምህርት ቤት አልመልሳትም? ሞክሬአለሁ። ስምንተኛን በ2015 ጨርሳ የወረዳችን ትምህርት ቤት ከተዘጋ በኋላ የሆነውን እርስዎም ያውቁታል፤ አልደግመውም። በሁለቱ ዓመታት ግማሹን ጊዜ እኔ ጋ፣ ግማሹን ማርቆስ እርስዎ ጋ ተቀምጣ ተማረች እንጂ ሥራ ፈት አልነበረችም። ባሕር ዳር ስንገባ ግን የሄድሁበት ትምህርት ቤት የዘጠነኛ ክፍል ካርድ ስለሌላት ከዘጠነኛ ትጀምር አለ። ዐሥራ ስድስት ዓመት ሞልቷታል፤ የዐሥረኛን የሒሳብ መጽሐፍ እስከ መጨረሻው ምዕራፍ ሠርታዋለች። ጸሐፊው ደንቡን ነገረኝ እንጂ ክፉ ሰው አይደለም። እሷ ግን ከቢሮው ወጥተን ባጃጅ እስክንይዝ ድረስ ቃል አልወጣትም።

በኢንተርኔት የሚሰጥ የአሜሪካ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት እንዳለ የነገረኝ ዴንቨር ያለው ልጅዎ ነው። "እኔ እከፍላለሁ" አለ። ሌሊት መኪና ነድቶ በሚያገኘው ገንዘብ እንደ ልቤ ልመርጥ አልችልም። መጀመሪያ በነጻ የሚሰጥ አገኘሁ ብሎ ደስ ብሎት ደወለ። ነጻነቱ እውነት ነው፤ ነገር ግን የኮሎራዶ ግዛት በግብር ገንዘብ ለነዋሪዎቹ ልጆች የሚያስተምረው ስለሆነ የእኛን ልጅ አይመለከትም። በሌላው ጫፍ የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የሚያስተዳድረው አለ፤ ክፍያው በዓመት ከ20,000 ዶላር በላይ ነው። እሱን አንብቤ ሳቅሁ። በመካከሉ አንዱ በዓመት፣ አንዱ በወር፣ አንዱ በየትምህርት ዓይነቱ ያስከፍላል። የኔብራስካ ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በ1929 እ.ኤ.አ. በፖስታ ማስተማር ጀምሮ እስከ ዛሬ እንዳለ ሳነብ ግን እርስዎን አሰብሁ። ያን ጊዜ እኮ ጎጃምን የሚገዙት ራስ ኃይሉ ነበሩ!

ዋጋውን ሳወዳድር ዋናው ክፍያ ላይ የማይጻፉ ነገሮች እንዳሉ ቀስ ብዬ ተማርሁ፦ መመዝገቢያ፣ መጽሐፍ፣ የውጤት ማስረጃ ማስላኪያ፣ በተሰጠው ጊዜ ላልጨረሰ ተማሪ ደግሞ የማራዘሚያ ክፍያ። እኛ ኢንተርኔት ለወራት ሲቋረጥ ያየን ሰዎች ነን፤ ይህ የመጨረሻው ብቻውን ሊያደኸየን ይችል ነበር።

የከበደኝ ግን የእውቅናው ነገር ነው። አሜሪካ ውስጥ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶችን መርምሮ እውቅና የሚሰጠው በአብዛኛው እንደ እኛ አገር የመንግሥት የትምህርት መሥሪያ ቤት አይደለም። ራሳቸውን የቻሉ ድርጅቶች አሉ፤ ከታወቁት አንዱ ኮግኒያ ይባላል። ነገሩ የገባኝ የእርስዎ የዲማ ጊዮርጊስ የተማሪ ቤት ወሬ ትዝ ሲለኝ ነው። ቅኔ አውቃለሁ ብሎ የመጣ ሰው መጀመሪያ "ከማን ተማርህ?" ይባላል ይሉን ነበር። ከጎንጅ ቤት ነው ከዋሸራ? መምህሩስ ማን ናቸው? የመምህሩ መምህርስ? እውቅና ማለትም ይኸው ነው፤ ትምህርት ቤቱን "ከማን ተማርህ?" ብሎ መጠየቅ። መልሱን ደግሞ ከትምህርት ቤቱ አፍ ብቻ መቀበል አይገባም፤ ከእውቅና ሰጪው ዝርዝር ላይ ስሙን ራስ ፈልጎ ማግኘት ነው።

ይህን ሳላውቅ በፊት ያደረግሁትን ልናዘዝ። አንድ ትምህርት ቤት፣ ስሙን አልጽፍም፣ በርካሽ ዋጋ በጥቂት ወራት ዲፕሎማ እሰጣለሁ ሲል ወንድሜን አስቸኩዬ 95 ዶላር አስከፈልሁት። እውቅና ሰጠኝ የሚለውን ድርጅት ፈልጌ ሳገኝ የስልክ ቁጥሩ የራሱ የትምህርት ቤቱ ቁጥር ሆኖ ተገኘ። ራሱ ፈታኝ፣ ራሱ ተፈታኝ፣ ራሱ አራሚ! ገንዘቡ አልተመለሰም። ወንድሜ አንድም ክፉ ቃል አልተናገረኝም፤ ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። እርስዎ ዘንድ እንዳይሰማ ለምኜው ነበር፤ አሁን ራሴ ነገርሁዎ።

ከዚያ ወዲህ ጠንቃቃ ሆንሁ። በዝርዝሩ ላይ ስማቸው ላለ ሦስት ትምህርት ቤቶች አንድ ዓይነት ጥያቄ ጻፍሁ፦ ልጄ አንድ የአልጀብራ ጥያቄ አልገባት ቢል ማን ያስረዳታል፣ በስንት ቀን? አንዱ የቅናሽ ማስታወቂያ ላከልኝ። አንዱ ዝም አለ። ሦስተኛው በማግስቱ መለሰ፤ የጻፈችው የሒሳብ መምህርቷ ራሷ ናት፣ ልጅቱ እስካሁን ምን እንደተማረች ጠየቀችኝ። እዚያው ወሰንሁ። መምህር ማለት የሚጠየቅ ብቻ ሳይሆን የሚጠይቅም መሆኑን የእርስዎ ቁጣ አልነገረኝም ነበር።

ትምህርቱ በራሷ ፍጥነት የሚሄድ ነው። በቀጥታ የሚተላለፈውን ያልመረጥሁት ኒው ዮርክ ከረፋዱ 4 ሰዓት የሚጀምር ክፍል በእነሱ ክረምት እዚህ ከምሽቱ 12 ሰዓት ስለሚሆን ነው፤ መብራት የሚወደው ሰዓት አይደለም። ይህኛው ንባቡን አውርዳ ያለ ኢንተርኔት እንድታነብ ይፈቅዳል። በወር 70 ዶላር ነው፤ መስመር ከተቋረጠ ያለ ቅጣት እንደሚያቆሙልን በጽሑፍ አረጋግጠውልኛል። ከሐምሌ 2016 ወዲህ የዶላር ምንዛሪ ከእጥፍ በላይ ስለ ወጣ እኔ በብር ልክፈል ብል አልችለውም፤ የእኔ ድርሻ የኢንተርኔቱ ሒሳብና ከአጠገቧ መቀመጥ ነው።

የሚያሳስበኝንም አልደብቅዎ። በውጭ ዲፕሎማ እዚህ ዩኒቨርሲቲ ልግባ ብትል የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ዘንድ የአቻ ግምት ማሠራት፣ ማለትም ዲፕሎማዋ ከእኛው ጋር እኩል መሆኑን ማስመስከር፣ ይጠበቅባታል። ያ ራሱን የቻለ ደጅ ጥናት ነው። እዚህ አገር ያለው በር ደግሞ ጠባብ መሆኑን ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቃሉ፤ የዐሥራ ሁለተኛ ክፍልን ፈተና ከተፈተኑት ውስጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2015 3.2 በመቶ፣ ባለፈው ዓመት 8.4 በመቶ ብቻ ናቸው። የእኛን አገር መጻሕፍትም ከእጇ አላስጥላትም።

አሁን ወደ ልመናዬ። እነሱ ትምህርትን በክሬዲት ይቆጥራሉ፤ አንድ ክሬዲት በልማድ 120 ሰዓት ያህል ትምህርት ማለት ነው፤ ለመመረቅ ደግሞ ሃያና ከዚያ በላይ ያስፈልጋታል። ሒሳብና እንግሊዝኛን በመለያ ፈተና አይተዋት ዐሥረኛ ክፍል ያለፈች ናት ብለዋል። ለሌላው ግን በቤት የተማረችበትን ማስረጃ ይፈልጋሉ፦ ምን ተማረች፣ ስንት ሰዓት፣ ማን አስተማራት፣ የሠራችው ሥራ የት አለ። በየትምህርቱ የተቆጠረላት ሁሉ ከክፍያው ላይ የሚቀነስ ወር ነው።

ጂኦግራፊውና አማርኛው የእርስዎ ነው። አንዲት ተማሪ ብቻ ይዘው በየጠዋቱ መዝገብ ገልጠው ስሟን ከነአያቷ ሲጠሩ፣ እሷም ተነሥታ "አቤት!" ስትል እናቴና እኔ በጓዳ በር በኩል እንስቅ ነበር። ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ አሁን የምለምንዎ ያንኑ መዝገብ ነው። ዕለቱን፣ ርእሱንና ሰዓቱን በንጹሕ ወረቀት ገልብጠው ይፈርሙልኝ፤ ወደ እንግሊዝኛ እኔ እመልሰዋለሁ። (አማርኛን "የውጭ ቋንቋ" በሚለው ሥር ነው የሚመዘግቡት፤ እባክዎ አይቆጡ፣ ለእነሱ ውጭ ነው።) ሰዓት አይጨመርበት፤ እርስዎ እንደማይጨምሩም አውቃለሁ። ጉንፋን ይዟት የቀረችበት ሳምንትም "ቀሪ" እንደተባለ ይቀመጥ።

የጎረቤታችን ልጅ ቅዳሜ ከማርቆስ ስለሚመጣ ለእሱ ይስጡልኝ። በእሱው እጅ ልጅቱ የጮቄን ተራራና ከሱ የሚወርዱትን ጨሞጋን፣ ሙጋንና ሱሃን የሳለችበትን ካርታ ልካለች። ለማስረጃው ከማቅረቧ በፊት እርስዎ እንዲያዩላት ትፈልጋለች። ሱሃ ወደ ዓባይ የሚገባበትን ቦታ የሳተች ይመስለኛልና በቀዩ ያርሙላት።

እናቴን ይሳሙልኝ።

ልጅዎ