መርከብ ከማሳገድ በፊት ፊርማው ይታይ

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

በጅቡቲ በኩል የገባ ስንዴ፣ ማዳበሪያ ወይም ብረት ጎድሎ ወይም ረጥቦ ሲገኝ «መርከቧን ማሳገድ ነው» የሚል ምክር ከየአቅጣጫው ይሰማል። ምክሩ ክፉ አይደለም። ግን የትኛዋ መርከብ፣ በማን ዕዳ፣ በየትኛው ፍርድ ቤት የሚለው ሳይለይ ከተሮጠ ከሳሪው አሳጋጁ ራሱ ነው።

መርከብ ለዕዳ ዋስትና እንድትሆን የምትታገደው በቆመችበት አገር ፍርድ ቤት ትእዛዝ ነው። የባሕር ሕጋችን በ1952 ዓ.ም. ሲወጣ ምጽዋና አሰብ ነበሩን፤ ዛሬ አዲስ አበባ ላይ የተሰጠ እግድ ጅቡቲ መልሕቅ የጣለችውን መርከብ አያቆምም። መርከብ ስለ ማገድ የተደረገው የብራሰልስ ስምምነትም የ1952 ነው፣ ያ ግን በፈረንጆች አቆጣጠር (ሁለቱን የሚያምታታ ብዙ ነው)። ስምምነቱ ለእገዳ የሚያበቁ 17 ዓይነት ጥያቄዎችን ይዘረዝራል፤ የጭነት ጉዳት፣ ግጭት፣ የመርከበኞች ደመወዝ፣ ለመርከብ የቀረበ ነዳጅና ጥገና ከእነዚህ ናቸው። ያልተከፈለ የኢንሹራንስ አረቦን እዚያ ውስጥ የለም፤ የገባው 22 ጥያቄዎችን በያዘው እ.ኤ.አ. የ1999 ስምምነት ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ተጠያቂውን ሲለይ ነው። በቢል ኦፍ ሎዲንጉ (አጓጓዡ ለጭነቱ በሚሰጠው ሰነድ) ላይ ያለው አርማ ብዙ ጊዜ መርከቧን ለጊዜው የተከራየው ድርጅት ነው። መታየት ያለበት የፊት ገጹ ፊርማ ነው። «ስለ ካፒቴኑ» ተብሎ ከተፈረመ ውሉ በአብዛኛው ከባለቤቱ ጋር ነው፤ ተከራዩ «አጓጓዥ እኔ ነኝ» ብሎ ከፈረመ ተጠያቂው እሱ ነው። ያኔ የአገሪቱ የመጨረሻ ፍርድ ቤት የነበረው የእንግሊዝ የጌቶች ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2003 በ«ስታርሲን» መርከብ ጉዳይ የፊቱን ፊርማ ከጀርባ ካሉት ደቃቅ አንቀጾች አስበልጦታል። ባለዕዳው በጊዜ ኪራይ የያዛት ብቻ ከሆነ፣ በእንግሊዝ ሕግ ጭነቱን ያመጣችውን መርከብ ማሳገድ አይቻልም፤ የሚፈለገው በራሱ ስም ያለች ሌላ መርከብ ናት። መርከብ ስምም ባንዲራም ትቀይራለች፤ ባለ 7 አሃዙ የአይኤምኦ (የዓለም አቀፉ የባሕር ድርጅት) መለያ ቁጥር ግን እስክትፈርስ አይለቃትም። ፍለጋው በእሱ ይጀመር።

ብልጥ ባለንብረት ለእያንዳንዷ መርከብ አንድ ኩባንያ ስለሚያቋቁም የእህት መርከብ (በዚያው ባለቤት ስም ያለች ሌላ መርከብ) ፍለጋው ብዙ ጊዜ ባዶ ይቀራል። ደቡብ አፍሪካ ግን እ.ኤ.አ. በ1983 ባወጣችው ሕግ ከኩባንያው ጀርባ ያለውን ተቆጣጣሪ አይታ ተዛማጅ መርከብ ታሳግዳለች። የባለዕዳው ሌሎች መርከቦች ደርባን ወይም ሪቻርድስ ቤይ የሚደርሱ ከሆነ መከታተሉ ያዋጣል።

አሠራሩ እንደ አገሩ ነው። ለምሳሌ ለንደን ላይ ክሱ በመርከቧ ላይ ይከፈታል፣ እገዳን በመቃወም ቀድሞ የተመዘገበ ማስታወቂያ መኖሩ ይፈተሻል፣ ጥያቄውን የሚያስረዳ መግለጫ ይቀርባል። ከዚያ አሳጋጁ እገዳውን የሚያስፈጽመውን የፍርድ ቤቱን ሹም (ማርሻል) ወጪ ሊሸፍን ግዴታ ይፈርማል። ይህ ቀላል አይደለም፤ የወደብ ክፍያ፣ ነዳጅና የመርከበኞች ቀለብ በየቀኑ ይቆጠራል። ያላግባብ ላሳገደ ካሳ የሚፈረድበት ግን ክፋት ወይም ከባድ ቸልተኝነት ሲገኝበት ብቻ ነው። ስፔን በአንጻሩ አሳጋጁን ራሱን መያዣ ታስይዛለች።

መርከብ ስትቆም ባለቤቱ ስለሚጎዳ አብዛኛውን ጊዜ በቀናት ውስጥ ከፒ ኤንድ አይ ክለብ (የባለመርከቦች የተጠያቂነት መድን ማኅበር) የዋስትና ደብዳቤ ይመጣል። መጠኑ ሊገኝ ከሚችለው ከፍተኛ ካሳ፣ ወለድና ወጪ አይበልጥም፣ የመርከቧን ዋጋም አያልፍም። ደብዳቤው መስመር በመስመር ይነበብ። ውሉ ግልግል እያዘዘ ደብዳቤው «የፍርድ ቤት ፍርድ» ብቻ የሚል ከሆነ ወረቀቱ ዋጋ የለውም። ዋስትና ካልመጣ መርከቧ ትሸጣለች፤ እዚያ ላይ የመርከበኞች ደመወዝና የባንክ መያዣ ከጭነት ጥያቄ ይቀድማሉ። በብድር የተያዘች አሮጌ መርከብ ከተሸጠች ለጭነት ባለቤት የሚተርፈው ባዶ እጅ ሊሆን ይችላል።

ጊዜውስ? በሄግ ሕጎች (በቢል ኦፍ ሎዲንግ ስለሚጓዝ ጭነት በወጡት ዓለም አቀፍ ደንቦች) መሠረት በዓይን የማይታይ ጉዳት በ3 ቀን ውስጥ በጽሑፍ ይገለጻል፤ ክሱ ደግሞ ከርክክብ ጀምሮ በ1 ዓመት ውስጥ ካልተከፈተ በይርጋ ይቀራል። ከአጓጓዡ ጋር መጻጻፍ ይህን ቀን አይገፋም፤ የሚገፋው በጽሑፍ የተሰጠ ማራዘሚያ ብቻ ነው፣ እሱም ከትክክለኛው አጓጓዥ የመጣ ሲሆን። ተከራዩ ቀን ሲያራዝምላቸው ቆይተው ባለቤቱን የሚከሱበት ዓመት ያለፈባቸው ብዙ ናቸው።

ከአክብሮት ጋር፣
የባሕር ጭነት ካሳ ባለሙያ፣ አዲስ አበባ