የድሃ ስም ሲለይ ካርዱ ይበወዝ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

በማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኅን መዋጮ መክፈል የማይችሉ አባወራዎች የሚለዩት በየቀበሌው ነዋሪው ተሰብስቦ ነው። መድኅኑ በ2003 ዓ.ም. በአራት ክልሎች፣ በ13 ወረዳዎች ሲጀመር ከጅማ ዞን ሊሙ ኮሳ ነበረችበትና አሠራሩ ለእኛ እንግዳ አይደለም። ማን ይካተት በሚለው ብዙ እንከራከራለን፤ ስብሰባው እንዴት ይመራ የሚለው ግን ይዘነጋል። ጉዳቱ የሚመጣው ግን ከዚያ ነው።

ኢንዶኔዥያ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2008 በሰሜን ሱማትራ፣ በደቡብ ሱላዌሲና በማዕከላዊ ጃቫ 640 መንደሮች በዕጣ በሦስት ተከፍለው ጥናት ተካሄደ። በአንዱ ክፍል ድሃው የተለየው በመጠይቅ ነው፤ የቤቱ አሠራር፣ ንብረቱና የቤተሰቡ ብዛት ነጥብ እየተሰጠው። በሁለተኛው ነዋሪው ራሱ ደረጃ አወጣ። በሦስተኛው ነዋሪው ካወጣ በኋላ የታችኞቹ በመጠይቅ ተጣሩ። የተመረጠ ቤተሰብ አንድ ጊዜ 30,000 ሩፒያ፣ በወቅቱ 3 ዶላር ገደማ፣ አገኘ።

በነዋሪው ስብሰባ ላይ ገመድ ይወጠራል፤ አንዱ ጫፍ የተሻለ ኑሮ ላላቸው፣ ሌላው ለባሰባቸው። የአባወራው ስም ያለበት ካርድ አንድ በአንድ እየተነሳ፣ ቀድመው ከተሰቀሉት ጋር እየተነጻጸረ ቦታውን ይይዛል።

በነፍስ ወከፍ ፍጆታ ሲመዘን መጠይቁ ከመቶ ቤተሰብ 30ውን፣ ነዋሪው ደግሞ 33 ያህሉን ሳተ፤ ማለትም ድሃውን ደህና ወይም ደህናውን ድሃ አለ። ሆኖም ሕዝቡ ይበልጥ የረካው በራሱ ምርጫ ነው። የልዩነቱ አንዱ ምክንያት ነዋሪው ድህነትን በፍጆታ ብቻ አለመለካቱ ነው፤ ባሏ የሞተባትን ሴት ፍጆታዋ ከሚያሳየው በላይ ችግረኛ አድርጎ ያያታል። ይህ ለእኔ ስህተት አይደለም። የመንደር ሹማምንት ለወገናቸው ያደላሉ የተባለውም በመረጃው አልታየም። እውነተኛው ጠላት ድካም ነበር፦ መጀመሪያ የተነሱ ስሞች በደንብ ተመዘኑ፤ ወደ መጨረሻው ግን ሰው ሰልችቶት ምዘናው ተበላሸ። ይህ የታወቀው ካርዶቹ የተነሱት በዕጣ ስለነበር ነው።

እኛ ዘንድ ስም በቤት ቁጥር ከተነበበ፣ ሰው የሚደክመው ሁልጊዜ እዚያው ጫፍ ላይ ሲደርስ ነው። የኢድር መዝገብ ከተያዘ ደግሞ ወርሃዊ መዋጮ ያቃተው የቀን ሠራተኛ ስሙ ጭራሽ አይነሳም። መጠይቁም ጣጣ አለው። ቆርቆሮ ጣሪያ ነጥብ ቢሰጠው በአንድ ክፍል ውስጥ ከአምስት ልጆች ጋር የተከራየችውን እናት ባለቤት ያስመስላታል። ጥያቄው ቡና ለቀማ ላይ ከተጠየቀ የቀን ሠራተኛው ገቢው ደህና ይመስላል፤ ያው ሰው ነሐሴ ላይ ቢጠየቅ መልሱ ሌላ ነው።

ስለዚህ ቀበሌዎቻችን ከመዝገቡ ውጭ ያሉትን ተከራዮች ጨምረው ካርድ ይጻፉ፤ ካርዱ ሰው ፊት ይበወዝ። ከ50 የማይበልጡ አባወራዎች በአንድ ስብሰባ ይታዩ፣ ቀሪው ለሌላ ቀን ይደር። መጀመሪያ ድሃ የምንለው ማንን ነው በሚለው ላይ ሩብ ሰዓት ይነጋገሩ። በመጨረሻ የተሰቀሉት አሥር ካርዶች በማግስቱ፣ ሰው ሳይደክም፣ እንደገና ይታዩ። ዝርዝሩም ከመጽደቁ በፊት ለአንድ ሳምንት በቀበሌው በር ላይ ይለጠፍ፤ ማንበብ ለማይችሉትም በእሑድ የኢድር ስብሰባ ላይ በቃል ይነበብላቸው።

አንባቢያችሁ፣ ከጅማ