ምድጃውን አውጣው፣ አልጋውን እኔ እሠራልሃለሁ

ጎንደር፣ ታኅሣሥ 9

ይድረስ ለልጄ፣

እንደምን ሰነበትህ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እናትህን ጉልበቷን ትንሽ ያማታል። እህትህ ፈተና ላይ ናት። ሌላው እንደምታውቀው ነው።

እዚያ ስሜን ተራራ ላይ ስልክህ እንደማይሠራ ስለማውቅ ይህን በአክስትህ ልጅ እጅ ልኬልሃለሁ። ቅዳሜ ለገበያ ወርዶ ወርክሾፕ ጎራ ብሎ ነበር። ሻይ አስመጣሁለትና ስላንተ ጠየቅኩት። መጀመሪያ "ደህና ነው" አለኝ። ሁለተኛውን ሻይ ሲጠጣ ግን ተናዘዘ። ጠዋት ከመኪናህ ኋላ ከሠራሃት የመኝታ ሳጥን ስትወጣ እንደ ሽማግሌ ወገብህን ይዘህ ነው አሉ። ፍራሽህም ከሥሩ ሻግቷል አሉ። ይሄ ምንም አይደለም። ወገብ ይታሻል፣ ፍራሽ ይለወጣል። እንቅልፍ የነሳኝ ቀጥሎ ያለው ነው። ጨነቅ ካምፕ ላይ ብርዱ ሲብስ፣ እንግዶቹ ድንኳናቸው ከገቡ በኋላ፣ ሻይ የተፈላበትን ፍም ከነምድጃው ይዘህ ትገባለህ አሉ። በሩንም ትዘጋለህ አሉ።

ልጄ፣ ከሰል ይዘህ እዚያ ሳጥን ውስጥ እንዳትገባ።

ይህን እደጋግመዋለሁ። አባቴ አረጀ እንዳትል።

በእርግጥ ጥፋቱ የእኔም ነው። ያችን ሲንግል ጋቢና ፒክአፕ ገዝተህ በመጣህ ቀን "አባዬ፣ ከኋላዋ መኝታ ሥራልኝ" ብለኸኝ ነበር። ምን እንዳልኩህ አልረሳሁም። "እኔ አናጺ ነኝ፣ የቀንድ አውጣ ቤት አልሠራም" አልኩህ። የወርክሾፑ ልጆች ሳቁ። አንተም አብረህ ሳቅህ። ከዚያ በኋላ ግን አንድም ጊዜ አላነሳህብኝም። በራስህ እጅ ሠራኸው።

የማታውቀውን ልንገርህ። ለመስቀል የመጣህ ጊዜ፣ አንተ ከጓደኞችህ ጋር ስታመሽ፣ ባትሪ ይዤ ወጣሁና ገባሁባት። ጫማዬን አውልቄ ተኛሁባት። ግማሽ ሰዓት ያህል ቆይቻለሁ። ቁመቷ ጥሩ ነው፣ እግር ይዘረጋል። ማዕዘኖቹን አስተካክለህ ገጥመሃቸዋል። አልጋው ግን አልጋ አይደለም። ኮምፔንሳቶውን በቀጥታ ብረቱ ላይ አንጥፈሃል፣ በላዩ ስፖንጅ ጣል አድርገሃል፣ አለቀ። በጎኔ ስገለበጥ ዳሌዬ ጣውላውን ነካ። ሽንጤ ደግሞ ባዶ ላይ ተንጠለጠለ። ወገብህን የሚያምህ ለዚህ ነው።

አያትህ የሞቱባትን የጠፍር አልጋ ታስታውሳታለህ? አንተና እህትህ የምትዘልሉባትን። አራት እግር፣ አራት ወጋግራ፣ የበሬ ቆዳ ጠፍር በእርጥቡ ተወጥሮ የተጠላለፈባት። ላይዋ ላይ የሚነጠፈው ቁርበት ብቻ ነበር። ሰውዬው ዘጠና ዓመት ሊሞላቸው ምንም አልቀራቸው፣ ወገቤን ሲሉ ሰምቼ አላውቅም። ጠፍሩ ዳሌ ሲያርፍበት ይረግባል፣ ሽንጥን ደግሞ ይደግፋል። በየቀዳዳውም ከሥር ነፋስ ይገባል። የመኝታ ነገር ከዚህ አያልፍም። የሚረግብና የሚተነፍስ።

ያንተ አይተነፍስም። ሰው ተኝቶ ሲተነፍስና ሲያልበው በአንድ ሌሊት ከአንድ ብርጭቆ በላይ ውሃ ያወጣል። ያ እርጥበት ስፖንጁን አልፎ ይወርዳል። ከሥር የሚያገኘው በውርጭ የቀዘቀዘ ብረት ነው። እዚያው ውሃ ሆኖ ይቀራል። የድስት ክዳን እንደሚያልበው ማለት ነው። ፍራሽህ የሻገተው ለዚህ ነው እንጂ ዝናብ ገብቶ አይደለም። ጣሪያውን በማስቲሽ መለቅለቅህን ተው።

ርብራብ እሠራልሃለሁ። የደረቀ ባህር ዛፍ አለኝ። እርጥቡ ይጣመማል፣ ደርቆ የከረመው ግን ሲጫኑት ጎበጥ ብሎ ይመለሳል። ስፋቱ 7 ሳንቲም፣ ውፍረቱ 2 ሳንቲም። በመካከላቸው አራት ጣት እተዋለሁ። ከብረቱ ላይ ከ10 ሳንቲም በላይ ከፍ ይላል። ከሥሩ ዕቃ ታስቀምጥበታለህ፣ ግን ጢም አድርገህ አትሙላው፣ ነፋስ ይለፍበት። ትከሻና ዳሌ የሚያርፍበት ላይ ሳሳ ያለ ርብራብ፣ ሽንጡ ላይ ጠንከር ያለ አደርጋለሁ። ስፖንጁን ሁለት ዓይነት ግዛ። ከታች ጠንካራውን፣ ከላይ 5 ሳንቲም ለስላሳውን። ሻጩ "ይሄ ለሁሉም ይሆናል" ቢልህ አትስማው። በጉልበትህ ተጫነው። ጉልበትህ መሬቱን ካገኘ ገንዘብህን ያዝ። ለስላሳ ብቻ የገዛ ሰው ሱቅ ውስጥ ደስ ይለዋል፣ በሳምንቱ ወደ እኔ ነው የሚመጣው።

ደግሞ ቡሉኮውን ከላይ ትደርበዋለህ አሉ። እናትህ ስንት ወር የፈተለችውን! ከሥርህ አድርገው። ብርዱ የሚመጣብህ ከታች ነው። ከላይ ጋቢና ብርድ ልብስ ይበቃሃል። አጎዛም ልኬልሃለሁ፣ ጥቁሩን። ጠጉሩን ወደ ላይ አድርገህ አንሶላው ሥር አንጥፈው። ስፖንጅ እዚያ ከፍታ ላይ ብርድ ሲይዘው ይደርቃል፣ የበግ ጠጉር ግን ተጭነኸውም ሙቀቱን አይለቅም።

ይህን ሁሉ ባትሪዬን እያበራሁ ሳይ አንድ ነገር አስደነገጠኝ። ክፍተቶቹን። በሩ ዙሪያ፣ የመስኮቱ ጠርዝ፣ ቆርቆሮው ከኮምፔንሳቶው የሚገናኝበት፣ ሁሉንም በቀጭን ስፖንጅና በኮላ ደፍነሃቸዋል። አንድም ቦታ አላለፈህም። እጅህ የእኔ እጅ ነው። ከልቤ ነው የምለው፣ ንጹሕ ሥራ ነው። ወርጄ ጫማዬን ሳስር እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር።

የአዘዞን ቤት አታውቀውም። ያኔ የሃያ ቀን ልጅ ነበርክ። አንድ ክፍል፣ የጭቃ ግድግዳ፣ የቆርቆሮ ክዳን። ወሩ እንዳሁኑ ታኅሣሥ ነው። እናትህ አራስ ናት፣ ይበርዳታል። በሩ አሮጌ ነበር፣ ከሥሩ ድመት ያስገባል። እኔ ሙያ ከያዝኩ ሁለት ዓመቴ ነው፣ የአናጺ ቤት በር እንዲህ ሆኖ ሰው ሲያይ አፍራለሁ። ከሥራ በኋላ ሦስት ማታ አምሽቼ አዲስ በር ሠራሁ። ዋንዛ ነው። ላግኩት፣ ለካሁት፣ እንደገና ላግኩት። ሲዘጋ "እፍ" የሚል ድምፅ ነበረው፣ ትንፋሽ እንደያዘ ሰው። ወረቀት አያሳልፍም። በግድግዳውና በክዳኑ መካከል ያለውንም በጨርቅና በጭቃ ደፈንኩት። እናትህ "ቤታችን ሞቀ" አለችኝ። ደረቴን ነፋሁ።

በማግስቱ ለአንድ ሙሽራ የታዘዘ አልጋ ስላልደረሰ አምሽቼ መሥራት ነበረብኝ። ከመውጣቴ በፊት ከሰሉን ደጅ አቀጣጠልኩ። ጭሱ ጠፍቶ ፍሙ ሲቀላ አስገባሁላት። ጭስ የሌለው ፍም ምን ያደርጋል ብዬ። በሩንም ሳብ አድርጌ ዘጋሁ። "እፍ" አለ።

ከምሽቱ 2 ሰዓት ገደማ ጎረቤታችን፣ ጠላ ሻጯ፣ ነፍሷን ይማረውና፣ ገንፎ ይዛላት መጣች። አንኳኳች፣ መልስ የለም። ገፋች። እናትህ ዓይኗ ግማሽ ተከፍቶ ተጋድማለች። አንተ ጡቷ ሥር ነህ። አትጠባም፣ አታለቅስም። እጅህን ብታነሳው ይወድቃል። ሁለታችሁንም እየጎተተች ደጅ አወጣቻችሁ። ብርዱ ላይ ብዙ ቆይተህ ነው ያለቀስከው።

እኔ ስደርስ መንደሩ ተሰብስቧል። አያትህ "መጋኛ ነው" አለች። ሌላው "ምች ነው" አለ። ዳማከሴ ታሸ፣ ጠበል ተረጨ። እኔ በሩን አየሁት። ምድጃውን አየሁት። ዝም አልኩ።

ሲነጋ በሩን ነቅዬ ከሥሩ ሁለት ጣት ቆረጥኩለት። እናትህ "ምነው?" አለችኝ። "ወለሉን ይነካል" አልኳት።

እስከ ዛሬ መጋኛ እንደሆነ ነው የምታውቀው። ለአቦ የምትዘክረው በዚያ ነው። በየዓመቱ አጠገቧ ቁጭ ብዬ ጠላውን እጠጣለሁ።

በኋላ አንድ የጤና ባለሙያ ቁም ሳጥን ሊያሠራ መጥቶ ነገሩን አስረዳኝ። ከሰል አየር ሲያንሰው ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ጋዝ ያወጣል። ሽታ የለው፣ ቀለም የለው። ጭሱ ከጠፋ በኋላም ከፍሙ ይወጣል። ደማችን ደግሞ ከኦክስጅን ይልቅ እሱን ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ይይዘዋል። መጀመሪያ ራስ ያማል፣ ያቅለሸልሻል፣ ከዚያ እግር አልታዘዝ ይላል። በሩ ሦስት እርምጃ ላይ ሆኖ ሰው ሳይደርስበት ይቀራል። እናትህ ተኝታ አልነበረም። እየሰማች ነበር። መነሳት ነው ያቃታት።

አሁን አንተ ያለህበትን አስበው። ጨነቅ 3600 ሜትር ነው። አየሩ ራሱ ስስ ነው። ፍሙም እንደልቡ አይነድም፣ አንተም እንደልብህ አትተነፍስም። እንግዶችህ ጠዋት "ራሴን አመመኝ" ሲሉህ "ከፍታው ነው፣ ውሃ ጠጡ" ትላቸዋለህ አይደል? አንተም ራስህን ሲያምህ ከፍታው ነው ትላለህ። የሚያሳስትህ እሱ ነው። ለዚህ ነው ከሰል ይዘህ እንዳትገባ የምለው። ለአምስት ደቂቃም። መስኮት ከፍቼ ነውም አትበለኝ። የቡታጋዝ ምድጃም ቢሆን ደጅ ይፈላበት።

ብርዱስ? ኮዳ አለህ። ውሃ አፍላ፣ ሙላው፣ ክዳኑን አጥብቀው፣ በካልሲ ጠቅልለህ ከመተኛትህ ሩብ ሰዓት በፊት ብርድ ልብሱ ውስጥ እግርጌ አስቀምጠው። የላስቲክ የሃይላንድ ጠርሙስ እንዳታደርገው፣ የፈላ ውሃ ያጨማድደዋል። በሶም በጥብጠህ ጠጣ። ባዶ ሆድ አይሞቅም።

የደፈንከውን ስፖንጅ ከሁለት ቦታ ዛሬውኑ ላጠው። አንዱን ከላይ ከበሩ ጫፍ፣ አንዱን ከታች በወዲያኛው በኩል። መጋረጃ ሰቅለህ ነፋሱ ፊትህን እንዳይመታህ ማድረግ ትችላለህ። ከጣሪያው ጠዋት ጠዋት የሚንጠባጠብብህም በዚህ ይቀንሳል። ፍራሹን ከቁርስ በፊት ገልብጠህ አቁመው፣ ፀሐይ ይምታው። ጭላዳዎቹ እንዳይቀዱት ብቻ አጠገቡ ሁን።

ስታቆምም መሬቱን እይ። የአክስትህ ልጅ ወደ አንድ ጎን ተንከባለን አደርን ብሎኛል። ውሃ ልክ ከሌለህ ጠርሙስ ግማሽ ውሃ ሞልተህ አጋድመው፣ ያሳይሃል። በዝቅተኛው ጎማ ሥር ጠፍጣፋ ድንጋይ አድርገህ ውጣበት። ፍጹም ሜዳ ካላገኘህ ራስህ ወደ ከፍተኛው ይሁን። የእጅ ፍሬኑን እንዳትረሳ።

ከጥምቀት በፊት ውረድ። ከተማው እንግዳ ይሞላል፣ እኔም ሥራ ይበዛብኛል፣ ስለዚህ ቢዘገይ ጥር 3 እጠብቅሃለሁ። መኪናዋን ከወርክሾፑ ፊት አቁማት። ርብራቡን ቆርጬ፣ ልጌ እጠብቅሃለሁ፣ ልክህን አውቀዋለሁ። ብሎን አትግዛ፣ አለኝ። ልጆቹ ከሳቁ ይሳቁ፣ በዚህ ጊዜ በእኔ ነው።

ምድጃውን ይዘኸው ና። እናትህ ለቡና ትፈልገዋለች።

ይህን ደብዳቤ ስትጨርስ ኪስህ ውስጥ አድርገው። ቤት ስትመጣ እንዳታነብላት። ወይም ቆይ፣ ይዘኸው ና፣ እኔው አነብላታለሁ።

አባትህ