አባታችንን ቀድሞ ሆስፒታል ለደረሰው መልእክት

አባታችንን ስትሮክ ከመታቸው ወዲህ የደወላችሁ፣ የጠየቃችሁ፣ በጸሎት ያሰባችሁን ሁሉ እግዜር ይስጥልን። አሁን ደህና ናቸው፤ ቤታቸው ገብተዋል። ዛሬ ግን ለይቼ የማመሰግናቸው ሰዎች አሉ። አብዛኞቹን በመልክ እንኳ አላውቃቸውም።

መጀመሪያ አምቡላንስ ለመጥራት ስደውል ስልኩን ያነሳሽው እህቴ። እኔ እጮሃለሁ፤ አንቺ ተረጋግተሽ ፊታቸው ተጣሟል ወይ፣ ሁለቱንም እጅ ማንሳት ይችላሉ ወይ፣ ንግግራቸውስ ትይኛለሽ። ከዚያ ደግሞ «ለመጨረሻ ጊዜ ደህና ሆነው የታዩት ስንት ሰዓት ላይ ነው?» አልሽኝ። የረጋውን ደም የሚያሟሟው መድኃኒት በአብዛኛው የሚሰጠው ሕመሙ ከጀመረ በ4 ሰዓት ተኩል ውስጥ ስለሆነ፣ ያቺ ሰዓት ከሁሉም በፊት ሐኪሞቹ ጋ መድረስ ነበረባት። ደረሰችም።

የአምቡላንሱ ልጆች፣ እናንተንስ ምን ልበላችሁ። ግፊታቸውን ለካችሁ፣ ስኳራቸውን ለካችሁ (ስኳር ሲወርድም ስትሮክ ሊመስል ይችላል አሉ)። የሚወስዱትን መድኃኒት ጠይቃችሁኝ ኪኒኖቹን ከነማሸጊያቸው ሳመጣ፣ አንዱ ወለሉ ላይ ደርድሮ በታብሌቱ ፎቶ አነሳቸው። ደም ማቅጠኛ ካለበት የማሟሟቱ ነገር አደገኛ ሊሆን ይችላል፤ ሐኪሙ አስቀድሞ ማወቅ አለበት። መኪናው ሳይንቀሳቀስ ፎቶውም ሰዓቱም ሆስፒታል ነበር። መንገድ ላይ ኔትወርክ ጥፍት ሲልም ልጁ አልተደናገጠም፣ ሬዲዮውን አንስቶ የቀረውን በቃሉ ነገራቸው። ታብሌት ብቻውን ምን ይሠራል!

ስንደርስ ካርድ አውጡ፣ ተራ ጠብቁ ያለን የለም። አባታችን በአምቡላንሱ ቃሬዛ እንደተኙ ቀጥታ የአንጎል ምስል ወደሚነሳበት ሲቲ ስካን ገቡ። ነርሷ እኛ ሳንነግራት በስማቸው ጠራቻቸው። አንጎላቸው ውስጥ ደም አለመፍሰሱ ሲታይ መድኃኒቱ ወዲያው ተጀመረ። ትልቅ የደም ሥር ሲዘጋ በየደቂቃው ወደ 1.9 ሚሊዮን የሚጠጋ የአንጎል ነርቭ ሕዋስ እንደሚሞት ይገመታል፤ እኛ በር ላይ ስም ስናስጽፍ የሚያልፈውን ደቂቃ እናንተ መንገድ ላይ ጨረሳችሁት። ፊንላንድ፣ ሄልሲንኪ ውስጥ በዚሁ መንገድ፣ ማለትም መረጃውን ቀድሞ በመቀበልና በሽተኛውን በቀጥታ ወደ ሲቲ በመውሰድ፣ ከበር እስከ መድኃኒት ያለውን ጊዜ እ.ኤ.አ. በ2011 ወደ 20 ደቂቃ ገደማ አውርደውት ነበር።

መረጃውን ከአምቡላንስ ወደ ሆስፒታል የሚያደርሰውን ሲስተም የዘረጋችሁ፣ ሲበላሽ በሌሊት ተነስታችሁ የምትጠግኑትም እንዲሁ። እናንተን ማን ያስታውሳል? እኛ አስታውሰናል።

የአባታችን ቀኝ እጅ ገና እንቢ ይላል፣ ፊዚዮቴራፒ ላይ ናቸው። ንግግራቸው ግን ተመልሷል፣ ቀልዳቸውም አብሮ። «ያ ልጅ የኪኒኔን ፎቶ ይዞብኝ ቀረ» እያሉ ያስቁናል። የምታውቁት ካላችሁ በውስጥ መስመር አገናኙን፤ ራሳቸው ደውለው ሊያመሰግኑት ይፈልጋሉ።