ባሕር ዛፍ ፊንላንድ ድረስ ተከተለኝ

ይድረስ ለሙሌ፣

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? እኔ ብርዱን ከቻልኩት ደህና ነኝ። ማን ማንን ዘጋ የሚለውን ስንገናኝ ቡና ላይ እንዳኘዋለን። አሁን ወሬዬን ስማ።

ያለሁት ፊንላንድ፣ ኤስፖ ነው። አልቶ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ማስተርሴን እየተማርኩ ነው፤ የእንጨት ሳይንስና የወረቀት ቴክኖሎጂ። ስትስቅ ታየኝ። «ሰው ሁሉ ስልክ ላይ በሚያነብበት ዘመን ወረቀት?» ልትል ነው። እናቴማ «ታዲያ ስትመረቅ ደብተር ልትሸጥ ነው?» ብላኛለች።

የጋዜጣ ወረቀት ገበያው መውደቁ እውነት ነው። እዚህም በዚሁ ምክንያት የተዘጉ ፋብሪካዎች አሉ። ግን ካርቶኑ፣ ሶፍቱ፣ የሲሚንቶ ከረጢቱ የት ይሄዳል? ደግሞ ትምህርቱ ወረቀት ብቻ አይደለም። ከእንጨት ግማሽ ያህሉ ቃጫው የተሠራበት ሴሉሎስ ነው፤ ቃጫውን እንደ ሙጫ አጣብቆ የያዘው ሊግኒን ይባላል። ቁም ነገሩ ቃጫው ሳይጎዳ ሊግኒኑን አሟሙቶ ማስወጣት ነው። ክራፍት በሚባለው ዘዴ የእንጨቱ ፍቅፋቂ ከኮስቲክ ሶዳና ከሶዲየም ሰልፋይድ ጋር 170 ዲግሪ ገደማ ላይ ይቀቀላል። ሽታው አያድርስ ነው! የሚተርፈው ጥቁር ፈሳሽ ግን አይደፋም። ውሃው ይተንና ይቃጠላል፤ ከእሱ ኤሌክትሪክ ይመነጫል፤ ኬሚካሉም ተመልሶ ለሚቀጥለው ቅቀላ ይውላል። እዚሁ ፊንላንድ በ2017 የተከፈተው የኤኔኮስኪ ፋብሪካ ከሚፈጀው በላይ ኤሌክትሪክ ያመርታል። እኔን በፍቅር የጣለኝ ይሄ ነው።

ከሴሉሎሱ ልብስም ይሠራሉ። በ2018 የነጻነት በዓላቸው ላይ የፕሬዚዳንቱ ባለቤት የለበሱት ቀሚስ ክሩ እዚሁ አልቶ ከበርች ዛፍ የወጣ ነው። ይህን ከነገርኳት ወዲህ እናቴ ደብተር የሚባል አላነሳችም።

እንቅልፍ የነሳኝ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። አንድ ቀን ክፍል ውስጥ ስላይዱ ሲቀየር ምን ባይ ጥሩ ነው? ነጭ ባሕር ዛፍ! ያው የእንጦጦው። ፖርቱጋሎች ወረቀታቸውን የሚሠሩት ከእሱ ነው። ቃጫው አጭር ስለሆነ ለማተሚያ ወረቀትና ለሶፍት ተፈላጊ ነው። እዚህ ስፕሩስ የሚሉት ዛፍ ለመቆረጥ 60፣ 80 ዓመት ይጠበቃል። ባሕር ዛፍ ሞቅ ባለ አገር 10 ዓመት ገደማ ይበቃዋል። ዩፒኤም የተባለው የፊንላንድ ኩባንያ ኡራጓይ ድረስ የሄደው ለዚሁ ነው። አዲሱ ፋብሪካው በ2023 ሥራ ጀምሯል፤ አቅሙ በዓመት 2.1 ሚሊዮን ቶን ፐልፕ፣ ማለትም ወረቀት የሚሠራበት የተቀቀለ ቃጫ፣ ነው።

እኛስ? አጠና፣ ማገዶ፣ የሕንፃ መወጣጫ። በቃ። ነገውኑ ፋብሪካ ይተከል እያልኩህ አይደለም። የፐልፕ ፋብሪካ ውሃ ይጠጣል፣ ገንዘብ ይበላል፤ የእኛ ዛፍ ደግሞ በየገበሬው ማሳ ዳር የተበተነ ነው። ግን አጠናው የሚቆረጠው በልጅነቱ ነው፤ እንዲህ ያለው ቃጫ ለምን ሥራ እንደሚሆን መለካት ይቻላል። ለመመረቂያ ጽሑፌ ያሰብኩት እሱን ነው።

እንግዲህ አንተ ደብረ ብርሃን እያለህልኝ ማንን ልጠይቅ? አጎትህን ጋሼን አናግርልኝ። ባሕር ዛፉን በስንት ዓመቱ ይቆርጡታል? ጉቶው ሲያቆጠቁጥ ስንቱን ያስቀራሉ? ነጋዴው አጠናውን በስንት ይወስደዋል? መጻፍ ከሰለቸህ በቴሌግራም በድምፅ ላክልኝ። የልጅህንም ፎቶ አብረህ ላክ፤ እስካሁን አላየኋትም እኮ።

ወዳጅህ