የልጄን የጠንቋይ መጽሐፍ አልቀማም

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍላችሁ ከጅማ ነው።

ባለፈው ሳምንት በዚሁ የአንባቢያን ገጽ ላይ አንድ አባት የጻፉትን አነበብኩ። ልጆቻችን በስልካቸው የሚያነቡት ስለ ጥንቆላና ስለ ትንቢት ህልም የሚያወራ ተከታታይ ታሪክ ጭንቅላታቸውን እያበላሸ ነው፣ ወላጅ ሁሉ ይቀማቸው ብለዋል። ሁለቴ ነው ያነበብኩት። ጭንቀታቸው ገብቶኛል፣ እኔም የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ እናት ነኝ። ግን አልቀማም። ለምን እንደማልቀማ ልንገርዎት ወንድሜ።

ነገሩ የጀመረው ባለፈው ክረምት ነው። የጅማን ክረምት የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ዝናቡ ከያዘ አይለቅም፣ መብራቱም ይሄዳል። ልጄና ሁለት ጓደኞቿ በረንዳችን ላይ ተሰብስበው አንዷ በቴሌግራም ያገኘችውን ፒዲኤፍ ያነባሉ። መጽሐፉ እንግሊዝኛ ነው። አንዷ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ታነባለች፣ ሁለተኛዋ ያልገባትን በአፋን ኦሮሞ ትጠይቃለች፣ ልጄ ደግሞ እኔም እንድሰማ በአማርኛ ትመልሰዋለች። እኔ እዚያው ቡና እቆላለሁ። ታሪኩ እንዲህ ነው። አንዲት የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ነገ የሚሆነውን ሌሊት በህልሟ ታያለች። አያቷ አንድ ደብተር ትተውላት ሞተዋል። የክፍል ጓደኛዋ ጠፋች፣ ልጅቷም ጓደኛዋ ከመጥፋቷ በፊት በህልሟ አይታት ስለነበር የከተማው ሰው ጣቱን ወደ እሷ ቀሰረ። እያንዳንዱ ቅጽ አንድ ምስጢር ይፈታል፣ ትልቁን ግን ለሚቀጥለው ያሳድረዋል። ያን ቀን ቡናው አርሮብኛል።

መጀመሪያ ያከራከረን ቃሉ ነበር። ልጄ «ጠንቋይ ናት» ብላ ስትተረጉም ጓደኛዋ ሳቀች። ጠንቋይማ ቤቱ ቁጭ ብሎ ገብስማ ዶሮ አምጡ የሚል፣ ብር የሚቀበል ሽማግሌ ነው አለች። እውነቷን ነው። እኛ ዘንድ ለእያንዳንዱ የየራሱ ስም አለው። ጠንቋይ ያውቃል ተብሎ ይከፈለዋል። መተተኛ ሰው ላይ መተት ይሠራል። ደብተራው ክታብ ይጽፋል። ባለ ዛሩ ላይ ዛሩ ይወርድበታል። ስኒ ገልብጣ የምታነብም አለች፣ እንደኛ ባለ የቡና አገር እሷ መቼም አትጠፋም። የመጽሐፏ ልጅ ግን ከእነዚህ አንዷም አይደለችም። ገንዘብ አትቀበልም፣ ማንንም አትጎዳም፣ የያዛትን ነገር መርጣ አላመጣችውም። አብሯት ነው የተወለደው፣ ሰው ደግሞ ይፈራታል፣ ከኋላዋ ይንሾካሾካል። ሦስቱም ዝም ብለው አሰቡና ልጄ «ቡዳ እንደሚሏቸው ነዋ» አለች።

እኔ የያዝኩትን ማንከሽከሻ አስቀመጥኩ። ስለ አክስቴ ለልጄ ነግሬያት አላውቅም ነበር።

አክስቴ፣ የእናቴ ታላቅ እህት፣ ሸክላ ሠሪ ነበረች። ጀበና፣ ድስት፣ ምጣድ ትሠራለች። የተተኮሰ ጀበና ስታወጣ በጥፍሯ ኳ ኳ ታደርገውና ጆሮዋን ታስጠጋለች፤ ድምፁ ጥርት ካለ ደህና ነው፣ ከታፈነ የሆነ ቦታ ተሰንጥቋል ማለት ነው፣ ለብቻው ታስቀምጠዋለች። ተሰንጥቆ እያወቀች የሸጠችው ዕቃ አላስታውስም። እኔ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። የጎረቤት ልጅ ታመመ፣ ያንቀጠቅጠዋል፣ ትኩሳቱ አይጣል ነው። እናትየው በማግስቱ ቧንቧ ወረፋ ላይ ቆማ «ሌሊት በህልሜ አየኋት፣ ጥቁር ጀበና ይዛ በሬን ከፍታ ገባችና ልጄ አልጋ ላይ ቁጭ አለች» አለች። ይኸው ነው። ሌላ ምንም የለም። ልጁን ጭስ አጠኑት፣ ማን በላህ እያሉ አስጨነቁት፣ ትኩሳት ያቃዠው ሕፃን የሰማውን ስም ደገመላቸውና በቃ፣ ተረጋገጠ ተባለ።

በአራተኛው ቀን ልጁን ጤና ጣቢያ ወሰዱት። ደሙ ታየ። ወባ ነበር። መድኃኒቱን ወስዶ ዳነ፣ ዛሬ የልጆች አባት ነው። ነገር ግን መጥቶ አክስቴን ይቅርታ ያላት ሰው የለም። ያዳነው ጭሱ ነው ተባለ። ከዚያ በኋላ ገበያ ላይ ጀበናዋን የሚያነሳ ጠፋ። ወረፋ ላይ እሷ ከቀዳች ቀጥሎ ያለው ሰው ባልዲውን ይዞ ወደ ኋላ ይላል። ልጆቻቸውን በነጠላ ይሸፍኑባታል። ሁለት ዓመት ቻለችና ወደ አጋሮ ሄደች፣ እዚያው ሞተች። ጆሮው የተሰበረ አንድ ጀበናዋ እኔ ዘንድ አለ።

አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት አዋጅ ብረት የሚሠራውን ጠይብ፣ የሚጽፈውን ጠንቋይ እያላችሁ አትስደቡ ብለው ነበር። አክስቴ ጋ ሳይደርስ ቀረ።

እና ወንድሜ፣ ይህን ለልጄና ለጓደኞቿ የነገርኳቸው በዚያ መጽሐፍ ምክንያት ነው። አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ አፌ ላይ ያልመጣ ነገር በረንዳዬ ላይ ወጣ። ልጄ አለቀሰች። ቀጥላ ያደረገችው ነገር ግን ከልቅሶው በላይ ልቤን ነካው። መጽሐፉ ውስጥ በተደጋጋሚ የሚጠራ ሳሌም የሚባል ቦታ አለ፣ እውነት መሆኑን ላጣራ ብላ ፈልጋ አነበበች፣ አንብባም ነገረችኝ።

እውነት ነው። አሜሪካ ማሳቹሴትስ ውስጥ፣ እ.ኤ.አ. በ1692፣ ዘጠኝና አሥራ አንድ ዓመት የሆናቸው ሁለት ሴት ልጆች እየተንፈራገጡ መጮህ ጀመሩ፣ ሌሎችም ተከተሉ፣ ጠንቋይ ነች እየተባለ ሰው ይጠቆም ጀመር። ከ150 በላይ ሰው ተከሰሰ። 19 ሰው ተሰቀለ። ጋይልስ ኮሪ የሚባሉ ሽማግሌ አልናገርም ብለው ድንጋይ ተጭኖባቸው ሞቱ። ገና አምስት ዓመት በቅጡ ያልሞላት ሕፃን ሳትቀር ታስራለች። ማስረጃቸው ምን ነበር ብትሉኝ፣ ከሳሹ ተነስቶ «መንፈሷ ሌሊት መጥታ አነቀችኝ፣ አልጋዬ ላይ ተቀመጠች» ካለ ፍርድ ቤቱ ይቀበለዋል። ሴትዮዋ በዚያ ሰዓት ቤቷ ተኝታ እንደነበር ብታስመሰክርም ዋጋ የለውም፤ የመጣችው መንፈሷ ናታ! በጥቅምት ወር ገዢው ዊልያም ፊፕስ ያንን ችሎት በተነው፣ በዓመቱ የተቀመጠው ሌላ ችሎት እንዲህ ያለውን ማስረጃ አልቀበልም ሲል ከቀሩት ተከሳሾች አብዛኞቹ ነፃ ወጡ። ከከሳሾቹ አንዷ አን ፑትናም ያኔ አሥራ ሁለት ዓመቷ ነበር። በ1706 አድጋ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ቆማ በሰው ሁሉ ፊት ይቅርታ ጠየቀች።

ልጄ ይህን አንብባ ስትጨርስ «እማ፣ የጎረቤትሽ ህልም ማለት ነው እኮ» አለችኝ። እኔ ራሴ እንደዚያ አስቤው አላውቅም ነበር።

ስለዚህ ታሪኩን በደንብ ተከታተልኩት። አሁን አራተኛው ቅጽ ላይ ነን። የማልወደው ነገር አለው፣ አልደብቅም። ሁለተኛው ቅጽ ላይ ደራሲው ተቸግሮ ነው መሰለኝ ምስጢሩን በሙሉ በመጨረሻው ህልም ፈታውና ተናደድኩ፤ ያን ያህል ገጽ ያደከመን ለምንድን ነው? በሌሎቹ ላይ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ልጅቷ ህልም ታያለች፣ መጀመሪያ የፈታችው ፍቺ ሁሌ ስህተት ነው። በህልሟ ያየችው ቀይ ጨርቅ ደም ይመስላታል፣ ኋላ መጋረጃ ሆኖ ይገኛል። ህልሙ የት እንደምትፈልግ ይጠቁማታል እንጂ ማን እንዳደረገው አይነግራትም። ጠዋት ተነስታ ሰው መጠየቅ፣ የድሮ ጋዜጣ ማገላበጥ፣ እግሯ እስኪቃጠል መሄድ አለባት። አንዴ ህልሟን ብቻ አምና አንዱን መምህር ወንጅላ ነበር፣ ሰውየው ንጹህ ሆኖ ተገኘ፤ ሄዳ ይቅርታ የጠየቀችበትን ምዕራፍ ሦስቱ ልጆች ሲያነቡ ትንፋሻቸው አይሰማም ነበር። አክስቴ በር ላይ እንዲህ ብሎ የቆመ ሰው ቢኖር ኖሮ!

ህልም ማመን ከሃይማኖታችን ያወጣል የሚለው ነገርዎ ደግሞ አስደንግጦኛል። እኔ ባለሁበት ሰፈር ግማሹ ሙስሊም ነው፣ ግማሹ ክርስቲያን፣ የዮሴፍን ታሪክ የማያውቅ የለም። በመጽሐፍ ቅዱስም በቁርኣንም አለ። ፈርዖን ሰባት የከሱ ላሞች ሰባት የሰቡትን ሲበሉ አየ። ዮሴፍ ሲፈታለት እገሌ ነው የበላቸው፣ እገሌን ያዙ አላለም። እህል አከማቹ ነው ያለው። ከዚያ ህልም የወጣው ጎተራ ነው። አባቱም ቢሆን በቁርኣኑ እንደምንሰማው ገና ልጅ ሳለ ያየውን የከዋክብት ህልም ለወንድሞችህ እንዳትነግራቸው ብሎ አስጠንቅቆታል። ወላጅ ለልጁ ህልም መጠንቀቅ አለበት ከተባለ እንደዚህ ነው። ህልም እንደ ፈቺው ነው ይባል የለ፣ እኔም የምፈራው ፈቺውን ነው።

በአንድ ነገር ግን እስማማለሁ። ልጄ መጽሐፉን እስከ እኩለ ሌሊት ማንበብ በጀመረችበት ሳምንት ዱካክ ተጫናት። ዓይኗ ተከፍቷል፣ መጮህ ትፈልጋለች፣ ጣቷን ማንቀሳቀስ አቅቷታል፣ በሩ ጋ የሆነ ሰው የቆመ ይመስላታል። ደንግጣ መጣች። የጤና ባለሙያ የሆነች ዘመዴ አስረዳችን፤ ህልም በምናይበት እንቅልፍ ውስጥ ያየነውን ተነስተን እንዳናደርገው ሰውነታችን ጡንቻውን ይፈታዋል፣ አንዳንዴ አእምሮ ቀድሞ ይነቃና ሰውነት ሳይነቃ ይቀራል፣ ደግሞ እንቅልፍ የጎደለበትን ሰው ይበልጥ ይይዘዋል። በዚህ ዕድሜ ያለ ልጅ ከ8 እስከ 10 ሰዓት መተኛት አለበት። ከዚያ ወዲህ ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ ስልክ ሳሎን ያድራል፣ የእኔም ጭምር። ዱካኩ ቀረ። መጽሐፉ አልቀረም። ዱካክ ምን እንደሆነ ስላወቀችም አያቶቻችን ስም ያወጡለት ነገር አሁን አያስፈራትም። እርስዎም ከመቀማትዎ በፊት አንድ ምሽት አጠገባቸው ቁጭ ብለው ቢያስነብቧቸው ደስ ይለኛል፣ ከዚያም የማይወዱት ነገር ካለ ፊት ለፊት ይንገሯቸው። ስልክ የተቀማ ልጅ ከጓደኛው ስልክ ያነባል፤ ያን ጊዜ እርስዎ የሉም።

አሁን ወደ እናንተ ልመለስ፣ ውድ አዘጋጅ። ይህን ሁሉ የጻፍኩት አንድ ነገር ልጠይቃችሁ ነው። ልጆቻችን የሰው አገር ጠንቋይ የሚያነቡት የራሳችንን የሚጽፍላቸው ስላጡ ነው። እኛ ዘንድ ታሪክ ጠፍቶ ነው? ጅሬን ላይ ያለው የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት አለ፣ አዌቱ ወንዝ መሀል ከተማውን አቋርጦ ይሄዳል፣ ጭጋግ የዋጠው ቡና ማሳ አለ፣ በየሰፈሩ ሰው የሚፈራው የተዘጋ ቤት አይጠፋም። በጋዜጣችሁ ላይ በሳምንት አንድ ዓምድ ስጧቸው። ለታዳጊዎች የሚሆን ተከታታይ ምስጢር፣ በአማርኛ፣ እየተቆረጠ የሚቀርብ። ድሮ ጋዜጣ ላይ ተከታታይ ልቦለድ እየጠበቅን ያደግን ሰዎች ነን፣ ቅዳሜ እስኪደርስ እንዴት እንደሚናፍቅ እናውቃለን።

ሦስቱ ልጆች እናንተን አልጠበቁም። በደብተር ጀምረዋል። የእንግሊዝኛዋ ልጅ ሌሊት የምትባንነው በነሱ ሰዓት በሦስት ነው፣ የእነሱዋ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ትነቃለች። በህልሟ ባለ ሦስት እግር የጅማ በርጩማ አየች፣ አንድ እግሩ የለም፣ አዌቱ ዳር ጭቃ ላይ ወድቋል። በማግስቱ የሰፈሩ አናጢ ጠፋ ተባለ። ሰው ሁሉ ሸክላ ሠሪዋን ጠረጠረ። ልጅቷ ግን ቀድማ የሄደችው ወደ ሸክላ ሠሪዋ ቤት ነው፣ ሴትዮዋ በጥፍሯ ጀበና ኳ ኳ እያደረገች ድምፁን ስታዳምጥ አገኘቻት፣ ከጎኗም ተቀምጣ «እትዬ፣ አናጢውን መጨረሻ ያዩት መቼ ነው?» ብላ ጠየቀቻት።

እዚህ ላይ ነው ያቆሙት። አስራ አራት ገጽ ነው፣ ከፈለጋችሁ በንጹህ ጽፈን እንልካለን።

አክባሪያችሁ፣
አንዲት እናት፣ ከጅማ